መንገዱን ራሱን መጠየቅ

የተጣመመ አከርካሪ በብረት ዘንግ ሲቃና፣ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የበቀለ ዕጢ ሲወጣ፣ ወይም ከልብ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ ሲጠገን፣ ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዟል፦ ይህ ሰው ሲነቃ እግሩን ያንቀሳቅስ ይሆን? መልሱን የሚያውቀው ሰው ግን ተኝቷል። የልቡ ምት በስክሪን ይታያል፣ የደሙ ኦክስጅን በጣቱ ጫፍ ይለካል፣ ሽንቱ በከረጢት ይሰበሰባል። ከአንጎሉ ተነሥቶ እስከ እግሩ ጣት የሚወርደው ትእዛዝ ይድረስ አይድረስ ግን ማንም በዓይኑ አያየውም። ለረጅም ዘመን ይህ የሚታወቀው ማደንዘዣው ሲለቅ ነበር፤ ያኔ መልሱ ክፉ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ አልፏል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ነገር አጭር ነው። የእንቅስቃሴ መንገድ ደኅና መሆኑን በእርግጥ ሊመሰክር የሚችለው የእንቅስቃሴ መንገዱ ራሱ ነው፤ አጠገቡ ያለ ሌላ መንገድም ሆነ የኤምአርአይ ምስል ወይም የሐኪሙ የካበተ ልምድ በእሱ ፈንታ ቆሞ ሊመሰክርለት አይችልም። ቀዶ ጥገና ላይ ደግሞ ምስክርነቱ የሚጠቅመው ጉዳቱ ገና ሊቀለበስ በሚችልበት ሰዓት ከተሰማ ነው።

መንገዱ የሚነሣው ከአንጎል ቅርፊት፣ ከአናት ወደ ጆሮ ከሚወርድ ጠባብ እጥፋት ነው። ከዚያ የሚወጡት ክሮች በአንጎል ጥልቀት ተሰብስበው ይወርዱና አንጎል ከኅብለ ሰረሰር በሚገናኝበት ስፍራ አብዛኞቹ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ። ለዚህ ነው የግራ አንጎል ጉዳት የቀኝ እጅን የሚያሰንፈው። ከተሻገሩ በኋላ በኅብለ ሰረሰሩ ጎን በኩል ወርደው፣ በፊተኛው ክፍል ካሉት የእንቅስቃሴ ሕዋሳት ጋር ይገናኛሉ፤ ከእነዚህ ሕዋሳት የሚወጣው ነርቭ ደግሞ ጡንቻው ድረስ ይዘልቃል። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮች ይወርዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ወፍራምና ፈጣን የሆኑት ከመቶ ጥቂት ብቻ ሲሆኑ፣ በመሣሪያ የምንለካው ምልክት በአመዛኙ በእነሱ የሚጓዘው ነው። አዋቂ ሰው ላይ አንጎል ዘንድ የተነሣ ምልክት የእጅ አውራ ጣት ሥር ያለውን ጡንቻ ለመድረስ 20 ሚሊሰከንድ ያህል፣ የቅልጥም ፊት ጡንቻን ለመድረስ ደግሞ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ልኬቱ በመሠረቱ ሁለት ነገር ያያል፦ ምልክቱ በሰዓቱ ደረሰ ወይ? ሲደርስስ ኃይሉ ምን ያህል ነው?

ይህን መንገድ ከላይ ቀስቅሶ ከታች መልሱን የማንበብ ሐሳብ ሥሩ ጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 በርሊን ላይ ጉስታቭ ፍሪትሽና ኤድዋርድ ሂትሲግ የውሻን አንጎል ገልጠው በደካማ ኤሌክትሪክ ሲነኩት በተቃራኒው ጎን ያለ እግር ተንቀሳቀሰ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1930ዎቹ ዋይልደር ፔንፊልድ ሞንትሪያል ውስጥ ነቅተው በሚታከሙ ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ሥራ እየሠራ፣ የትኛው የአንጎል ስፍራ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚያዝ ካርታ አወጣ። ለሁለቱም ግን የራስ ቅል መከፈት ነበረበት። አጥንት ኤሌክትሪክን አጥብቆ ስለሚገታ ከውጭ ሆኖ አንጎልን መቀስቀስ የማይሆን ይመስል ነበር። በ1980 ለንደን ውስጥ ሜርተንና ሞርተን የተባሉ ተመራማሪዎች እጅግ አጭር ግን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት በጤነኛ ሰው ራስ ቅል ላይ አሳርፈው የእጅ ጡንቻ እንዲኮማተር አደረጉ። ዘዴው ሠራ፤ ያምም ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ሼፊልድ ላይ ሕመሙን የሚያስቀር መንገድ አገኙ። በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከባድ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲለቀቅ ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል፤ ማግኔትን አጥንት አይገታውም፤ መስኩ አንጎል ውስጥ ሲገባ እዚያው ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። በሽተኛው የሚሰማው ራሱ ላይ ቀለል ያለ ምት ብቻ ነው፤ ጣቱ ግን ሳያዘው ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በነርቭ ክሊኒኮች የሚሠራው በዚህ በማግኔቱ ነው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ግን ኤሌክትሪኩ ቦታውን አልለቀቀም፤ የተኛ ሰው ሕመሙን አይሰማውም፣ በማግኔት የሚነሣው ምልክት ደግሞ በማደንዘዣ ቶሎ ይጠፋል።

አንጎልን ከውጭ መቀስቀስ ከመቻሉ በፊትም ቀዶ ሐኪሞች ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። በ1973 ሊዮን ከተማ ፒየር ስታኛራና ባልደረቦቹ የማንቃት ፈተናን አስተዋወቁ። አከርካሪው ከተቃና በኋላ ማደንዘዣው ይቀነሳል፤ ሕመምተኛው ቁስሉ እንደተከፈተ በከፊል ይነቃና መጀመሪያ «እጅህን ጨብጥ»፣ ቀጥሎ «እግርህን አንቀሳቅስ» ይባላል። እጁ እየታዘዘ እግሩ ካልታዘዘ ችግር አለ ማለት ነው፤ ዘንጉ ይላላል ወይም ይወጣል። ይህ ፈተና የሚጠይቀው ራሱን የእንቅስቃሴ መንገዱን ስለሆነ መልሱ የሚታመን ነው፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አልተጣለም። ጉድለቱ ጊዜው ላይ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው፤ ጉዳቱ ከፈተናው በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ፈተናው ካለፈ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ሕፃን ልጅ፣ መስማት የተሳነው ሰው ወይም የአእምሮ ዝግመት ያለበት ሕመምተኛ ደግሞ ትእዛዙን ላይቀበል ይችላል። ፊቱን ወደ ታች ተደፍቶ የተኛ ሰው በድንገት ቢታገል የመተንፈሻ ቱቦው ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ያለማቋረጥ የሚጠይቅ መሣሪያ ተፈለገ፤ መጀመሪያ የተገኘው ግን የሌላውን መንገድ የሚጠይቅ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእግር ቁርጭምጭሚት ያለ ነርቭ በኤሌክትሪክ እየተነካ፣ ወደ አንጎል የሚወጣው የስሜት ምልክት ከራስ ቅል ላይ ይነበብ ጀመር። ይህ በማደንዘዣ ብዙም አይደፈቅም፣ ሕመምተኛውንም አያንቀሳቅስም፣ ቀዶ ሐኪሙንም አያስቆምም። ሐሳቡ ኅብለ ሰረሰር ቀጭን ስለሆነ ከተጎዳ ሁሉም ነገር አብሮ ይጎዳል የሚል ነበር። ችግሩ የደም ሥሮቹ አቀማመጥ ነው። የስሜት መንገዱ የሚወጣው በኅብለ ሰረሰሩ የኋላ ክፍል ሲሆን፣ ያ ክፍል ደሙን የሚያገኘው ከሁለት የኋላ ቧንቧዎች ነው። የእንቅስቃሴ ሕዋሳቱ ያሉበት የፊተኛው ሁለት ሦስተኛ ግን በመሐል በሚወርድ በአንድ የፊት ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ይህም ቧንቧ በታችኛው ደረት አካባቢ ከጎን በሚገቡለት ጥቂት መጋቢዎች፣ በተለይም አዳምኪዬቪች በሚባለው የደም ቧንቧ፣ ይተማመናል። አከርካሪ ሲሳብ ወይም መጋቢው ሲታሰር የፊተኛው ክፍል ደም ሊያጣ ይችላል፤ የኋላው ግን እንደወትሮው ይሠራል። ወደ አንድ ከተማ የሚያስገቡ ሁለት ድልድዮች ቢኖሩ፣ በአንዱ መኪና ማለፉ የሌላውን አለመፍረስ አይናገርም። በ1985 እና በ1986 የሕክምና መጽሔቶች ላይ የወጡ ዘገባዎች ይህንኑ በሰው ላይ አሳዩ፤ የስሜት ምልክታቸው እስከ ቀዶ ጥገናው መጨረሻ ሳይዛባ የቆየ ሕሙማን ሽባ ሆነው ነቁ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አቅልሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በ1995 የታተመ፣ ከ51 ሺህ በላይ የአከርካሪ ቀዶ ጥገናዎችን የሸፈነ ሰፊ ጥናት፣ በስሜት ምልክት ክትትል የካበተ ልምድ ያላቸው ቡድኖች ልምዱ ከሌላቸው ይልቅ ከግማሽ ያነሰ የነርቭ ጉዳት እንደሚያጋጥማቸው አሳይቷል። የስሜት መንገድ ያን ያህል ከጠቀመ ለምን ሌላ ይፈለጋል? መልሱ፣ ብዙው ጉዳት መጨፍለቅ ወይም መወጠር በመሆኑ ኅብለ ሰረሰሩን በሞላ ይነካል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱም ይጮኻል። የእንቅስቃሴ መንገዱ ብቻውን የሚጎዳበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን በትክክል የምንፈራው ሽባነት ነው። በ2007 የታተመ፣ አከርካሪያቸው የተጣመመ 1,121 ወጣቶችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አስቀምጦታል። ሁለቱም ምልክቶች ጎን ለጎን ይለኩ ነበር። ሰባት ልጆች ከእንቅስቃሴ ድክመት ጋር ነቁ፤ የስሜት ምልክቱ ከሰባቱ አራቱን ጨርሶ አላያቸውም። የስሜት ምልክቱ ለውጡን ባየባቸው ሕሙማን ላይ እንኳ ከእንቅስቃሴው ምልክት በአማካይ አምስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነበር። ከዚህ ጥናት ሦስት ዓመት ቀድሞ በአንገት አከርካሪ ቀዶ ጥገና ላይ 427 ሰዎችን ያጠና ሌላ ቡድንም ወደ ተመሳሳይ ድምዳሜ ደርሷል። አምስት ደቂቃ በሌላ ሥራ ላይ ትንሽ ትመስል ይሆናል፤ ደም ላጣ የነርቭ ሕዋስ ግን ረጅም ነው። እኔ የማየው ልዩነቱ ከቁጥሩም በላይ የአስተሳሰብ ልዩነት ነው፦ የስሜት ምልክቱን እያየ «እግሩ ደኅና ነው» የሚል ሐኪም ያልጠየቀውን ጥያቄ መለስኩ እያለ ነው።

የእንቅስቃሴ ምልክቱ ይህን ያህል የሚበልጥ ከሆነ ለምን ዘገየ? ምክንያቱ ማደንዘዣው ነው። የማደንዘዣ መድኃኒቶች፣ በተለይም በትንፋሽ የሚሰጡት ጋዞች፣ በኅብለ ሰረሰር ያሉትን የእንቅስቃሴ ሕዋሳት ያደነዝዛሉ፤ ከአንጎል አንዲት ምት ብትወርድ ሕዋሱን ሳታነቃ ትከስማለች። በ1993 ጀርመን ውስጥ ታኒጉቺና ባልደረቦቹ መፍትሔውን አሳዩ። አንድ ምት ካልበቃ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት የሚከታተሉ ብዙ ምቶች ይላኩ፤ የፊተኛው ሕዋሱን ያሟሙቀዋል፣ የኋለኛው ያነቃዋል። እነሱ በቀጥታ አንጎል ላይ ያደረጉትን ሌሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከራስ ቅል ውጭ ሆነው ደገሙት። ዛሬ ሥራው እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ከተኛ በኋላ የክትትል ባለሙያው ጠምዛዛ መርፌዎችን በራስ ቅል ቆዳ ላይ፣ ቀጫጭን መርፌዎችን ደግሞ በአውራ ጣት ሥር፣ በቅልጥም ፊትና በእግር መዳፍ ጡንቻዎች ላይ ይተክላል። በግራና በቀኝ መንጋጋ ጥርሶች መካከል የተጠቀለለ ፋሻ ይገባል፤ ምቱ የመንጋጋ ጡንቻንም ስለሚያኮማትር ምላስ እንዳይነከስ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ከጋዝ ይልቅ በደም ሥር የሚሰጠውን ፕሮፖፎል ከማስታገሻ ጋር ይጠቀማል፤ ቱቦ ለማስገባት የተሰጠው ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ካለቀ በኋላም አይደግመውም። ከዚያ የክትትል ባለሙያው «ልሞክር ነው» ይላል፤ ቀዶ ሐኪሙ መሣሪያውን ከቁስሉ አንሥቶ ይጠብቃል፤ ከአምስት እስከ ሰባት የሚሆኑ ብዙ መቶ ቮልት ያላቸው ምቶች በአንድ ሰከንድ ትንሽ ክፍልፋይ ውስጥ ያልፋሉ፤ የተኛው ሰው ሰውነት ለቅጽበት ይነጥራል፤ ስክሪኑ ላይ የእያንዳንዱ ጡንቻ መስመር ከፍ ዝቅ ብሎ ይጻፋል። ከእጅ የሚመጣው መልስ እዚህ ላይ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። የሚሠራው ደረት ላይ ከሆነ እጁ ከቁስሉ በላይ ነው፤ የእጅና የእግር ምልክት አብሮ ከደከመ ጥፋቱ የማደንዘዣው ወይም የደም ግፊቱ ሊሆን ይችላል፤ የእጁ እንዳለ ሆኖ የእግሩ ብቻ ከጠፋ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ቁስሉ ይመለሳል።

ምልክቱ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ሥራው ይቆማል። የደም ግፊቱ ይታያል፤ አማካይ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ ከ85 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ እንዲወጣ ይደረጋል። ደም ማነስ ካለ ደም ይሰጣል፣ የሰውነት ሙቀት ይስተካከላል፣ መርፌ ተነቅሎ እንደሆነ ይፈተሻል። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ የመጨረሻውን እርምጃውን ይቀለብሳል፤ ዘንጉን ያላላል፣ ብሎኑን ያወጣል፣ ያሰረውን ይፈታል። ይህ ቅደም ተከተል ከ2014 ወዲህ በዝርዝር ወረቀት ተጽፎ በብዙ ቀዶ ጥገና ክፍሎች ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የ1,121 ወጣቶች ጥናት ማስጠንቀቂያ የተሰማው በ38ቱ ላይ ነበር፤ ከእነዚህ ዘጠኙ መንሥኤያቸው የደም ግፊት መውረድ ብቻ ሆኖ ግፊቱ ከፍ ሲል ተስተካክሏል። ተቃዋሚው ግን እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ማስጠንቀቂያ ከተሰማባቸው ውስጥ አብዛኞቹ በመጨረሻ ደኅና ሆነው ከነቁ፣ ማስጠንቀቂያው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም ወይ? የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች አካዳሚና የነርቭ ፊዚዮሎጂ ማኅበር በ2012 ባወጡት ግምገማ፣ በጥራታቸው ከፍተኛ በተባሉት ጥናቶች ምልክታቸው ከተዛባ ሕሙማን መካከል በእርግጥ የተጎዱት ከ16 እስከ 40 ከመቶ ነበሩ፤ ምልክታቸው ካልተዛባው ግን ሽባ ሆኖ የነቃ አልተገኘም። የቀሩት 60 ከመቶና ከዚያ በላይ ምንድን ናቸው? አንዳንዶቹ በእውነት የሐሰት ማስጠንቀቂያዎች ናቸው፤ ማደንዘዣው በርትቶ ወይም ኤሌክትሮድ ላልቶ የመጡ። ሌሎቹ ግን ሐኪሙ ሰምቶ የቀለበሳቸው ጉዳቶች ናቸው፤ በጊዜ ስለተቀለበሱም እንዳልነበሩ ሆነዋል። ሁለቱን ከኋላ ተመልሶ መለየት አይቻልም። ይህ ለክትትሉ ምቹ ማምለጫ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፤ ማንኛውም ከንቱ ደወል «ሰምታችሁኝ ነው የዳናችሁት» ሊል ይችላልና። ስለዚህ ክርክሩን በዚህ ብቻ ማቆም አይገባም፤ ደወሉ የጮኸበት ነገር በሌላ መንገድ የሚረጋገጥበት ስፍራ መፈለግ አለበት።

እንዲህ ያለ ስፍራ አለ፤ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሚበቅል ዕጢ ሲወጣ። እዚያ ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው ራሱ መንገዱ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ዕጢውና ጤነኛው ክር በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይጎራበታሉ። በጡንቻ ላይ ከሚነበበው ምልክት ሌላ፣ ከዕጢው በታች በኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን ላይ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስቀምጦ፣ ምልክቱን ከሕዋሳቱ ሳይደርስ፣ በክሮቹ ላይ ሲጓዝ መያዝ ይቻላል። ፓተንና አማሲያን በ1954 በእንስሳት ላይ የገለጹት ይህ «ዲ ሞገድ» የሚለካው የክሮቹን ቁጥር ነው ለማለት ይቀርባል፤ ማደንዘዣም እምብዛም አይነካውም። ሁለቱ ምልክቶች ሲነጻጸሩ የታየው ነገር አስደናቂ ነው። የጡንቻው ምልክት ጠፍቶ ዲ ሞገዱ ግን ከመነሻው ግማሽ በላይ ከቆየ፣ ሕመምተኛው እግሩ ሰንፎ ይነቃል፤ ድክመቱ ግን በሰዓታት፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። ዲ ሞገዱ ከግማሽ በታች ከወረደ ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ይህ ሐኪሙን ከሁለት ስሕተት ያድነዋል። አንደኛው ሳያውቅ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙም የማይወራለት፣ ፈርቶ ቶሎ ማቆም ነው፤ ተትቶ የቀረ ዕጢ እንደገና አድጎ በዓመታት ውስጥ እዚያው ሽባነት ላይ ያደርሳልና። ምልክቱ የጠፋበት ሐኪም ጥቂት ደቂቃ ቆሞ፣ ቦታውን በሞቀ ጨዋማ ውሃ አጥቦ፣ ምልክቱ ሲመለስ ሥራውን ይቀጥላል።

ጥብቅ ተቃዋሚ ግን «በዕጣ ተመድበው አንዱ ወገን በክትትል፣ ሌላው ያለ ክትትል የታከመበት ጥናት የታለ?» ይላል። የለም ለማለት ይቻላል። ካለው ቅርብ የሆነው በ2006 ከጣሊያኗ ቬሮና የወጣ ነው፤ በክትትል የታከሙ 50 የኅብለ ሰረሰር ዕጢ ሕሙማንን ቀደም ባሉት ዓመታት ያለ ክትትል በዚያው ሆስፒታል ከታከሙ 50 ተመሳሳይ ሕሙማን ጋር አነጻጽሮ፣ ከወራት በኋላ የእንቅስቃሴ ውጤታቸው የተሻለው በክትትል የታከሙት መሆናቸውን አግኝቷል። ይህ የዕጣ ጥናት አይደለም፤ በዓመታቱ መካከል የሐኪሙም እጅ፣ መሣሪያውም ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በዕጣ ጥናት አለመኖር ላይ ብቻ ተመሥርቶ ክትትሉን መተው ትክክል አይመስለኝም። እየጠፋ ያለ ምልክት ስክሪን ላይ እየታየ ለጥናት ሲባል ለሐኪሙ እንዳይነገር የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሆነ የሚፈርም ወላጅ ማግኘት ይከብዳል። ማስረጃው ፍጹም ባይሆንም ሦስት ነገሮች በአንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፦ የሰውነት አሠራሩ፣ ምልክቱ ከውጤቱ ጋር ያለው ዝምድናና የሚገኙት ንጽጽሮች። ክትትሉ የማይጠቅምባቸው ቦታዎች እንዳሉ ግን መካድ አይገባም። ቀላልና አደጋው ትንሽ በሆነ የወገብ ዲስክ ቀዶ ጥገና ላይ ሁሉ ይህን መሣሪያ መደርደር ወጪ ከማብዛት ያለፈ ፋይዳው አልታየም።

አንጎል ውስጥም ያው መርሕ ይሠራል። ዕጢው የእንቅስቃሴ ክሮቹ አጠገብ ሲሆን ቀዶ ሐኪሙ በሚያነቃቃ ጫፍ የዕጢውን ግድግዳ እየነካ፣ ጡንቻ እስኪመልስለት ፍሰቱን ይቀንሳል። በቀዶ ጥገና ክፍል የተለመደው ግምት አንድ ሚሊአምፔር አንድ ሚሊሜትር ነው፤ በ5 ሚሊአምፔር መልስ ከመጣ ክሮቹ 5 ሚሊሜትር ያህል ይርቃሉ ማለት ነው። ቀዶ ጥገና ከመደረጉ በፊት የተነሣ ኤምአርአይ ይህን ሊነግር አይችልም፤ ራስ ቅል ተከፍቶ ፈሳሽ ሲወጣ አንጎሉ ቦታውን ይለቃልና። በ2012 የታተመ፣ በ90 ጥናቶች ከ8 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያካተተ ትንተና፣ በኤሌክትሪክ ካርታ በተሠሩት ላይ ከባድ ዘላቂ ጉዳት 3.4 ከመቶ፣ ያለ ካርታ በተሠሩት ላይ 8.2 ከመቶ እንደነበረ አግኝቷል፤ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣትም በመጀመሪያዎቹ በርከት ይላል። ጥንቃቄው ድፍረትን እንደማይቀንስ የሚያሳይ ውጤት ነው።

ዘዴው ጉዳት የለውም አልልም። በ2002 ከ15 ሺህ በላይ ቀዶ ጥገናዎችን የዳሰሰ ጽሑፍ የምላስና የከንፈር መነከስ በ29 ሰዎች ላይ፣ የመንጋጋ መሰበር በአንድ ሰው ላይ፣ በጣት የሚቆጠሩ የመንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባትንም መዝግቧል። ፋሻውን በአግባቡ ማስቀመጥ ብዙውን ያስቀራል። በክሊኒክ የሚሠራው ማግኔት ደግሞ ራሱ ውስጥ ብረት ወይም የመስሚያ መሣሪያ ለተተከለለት ሰው አይሆንም፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው በጥንቃቄ ይታያል።

ወደ ክሊኒኩ ስንመጣ አጣዳፊነቱ ይቀንሳል፤ መርሑ ግን አይለወጥም። ሐኪሙ ማግኔቱን በራስ ቅል ላይ አድርጎ ምልክቱ እጅ የሚደርስበትን ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ ማግኔቱን ወደ አንገት ሥር አውርዶ ከነርቭ ሥሩ እስከ እጁ ያለውን ጊዜ ይለካል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሲቀነስ የሚቀረው በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያለፈው ጊዜ ነው፤ በጤነኛ ሰው እጅ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ሚሊሰከንድ ያህል ይሆናል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የክሮቹን ሽፋን ስለሚልጥ ይህ ጊዜ በጣም ይረዝማል። ክሮቹንና ሕዋሳቱን በሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ. ግን ጊዜው ብዙም ሳይረዝም ምልክቱ ይኮሰምናል ወይም ይጠፋል። ኤምአርአይ ባለበት ዘመን ይህ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው የአንገት አከርካሪ ጥበት ጥሩ መልስ ነው። ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች ብዙዎቹ በምስል ላይ የተጠበበ አንገት አላቸው፤ አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም። ምስሉ መጫኑን ያሳያል፤ የተጫነው ክር እየሠራ መሆን አለመሆኑን አያሳይም። መዘግየቱ ከተለካ ግን ጥበቱ ተግባርን መንካቱ ይታወቃል። እጁ አልንቀሳቀስ ያለው ሰው ምልክቱ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ፣ መንገዱ እንዳለ ነው፤ ችግሩ ያለው ትእዛዙ በሚነሣበት ስፍራ ነው። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ አያስመስልም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ይህን በልኬት ማሳየት ከብዙ ወቀሳ ያድነዋል። ልኬቱ የማይችለውንም እናገራለሁ፦ መንገዱ የት አካባቢ እንደተበላሸ ይጠቁማል እንጂ የበሽታውን ስም አይጠራም። ምርመራውም ምስሉን አይተካም።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ የብዙ ልጆችን ጀርባ በሹል ማዕዘን ያጎብጣል፤ ለዓመታት ሳይታከም የከረመ መጣመምም ብዙ ነው። ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያሉ ልጆችን እየተቀበሉ ለቀዶ ጥገና ወደ ጋና፣ በዶክተር ኦሄነባ ቦአቺ-አጄይ ወደተመሠረተው የፎኮስ ሆስፒታል ሲልኩ ቆይተዋል። በሹል ማዕዘን የታጠፈ አከርካሪ ሲቃና ኅብለ ሰረሰሩ ካለበት አደጋ የሚበልጥ በአከርካሪ ሕክምና ውስጥ ጥቂት ነው፤ ክትትሉ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። መሣሪያው፣ መርፌዎቹና የሠለጠነው ሰው ግን ውድ ናቸው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣም ያለማቋረጥ መገኘት አለበት። ገንዘብ ቢገኝ እንኳ መሣሪያ መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ የ1995ቱ ጥናት ያሳየው ልዩነት የመጣው ከቡድኑ ልምድ ነውና። መሣሪያ በሌለበት ግን የማንቃት ፈተናው አለ። እሱን ኋላቀር ብሎ መናቅ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛውን መንገድ የሚጠይቅ ስለሆነ ከስሜት ምልክት ብቻ ይልቅ ይታመናል፤ የሚፈልገውም ማደንዘዣውን በልኩ የሚያነሣና የሚመልስ ባለሙያ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊትም በራሱ ቋንቋ ነገሩ በሚገባ የተነገረው ሕመምተኛ ነው።

በስትሮክ ሕክምና ላይም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ተሠርቶ ተፈትኗል። ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ ካቲ ስቲኔር ከባልደረቦቿ ጋር በ2017 ያሳተመችው መንገድ፣ ስትሮክ የመታው ሰው እጁ ከሦስት ወር በኋላ ምን ያህል እንደሚመለስ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለመተንበይ ነው። በሦስተኛው ቀን ሕመምተኛው ክንዱን ከትከሻ ወደ ጎን እንዲያነሣ፣ ጣቶቹንም እንዲዘረጋ ይጠየቃል፤ ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ መንገዱ በራሱ መልስ ሰጥቷል፤ ማግኔት አያስፈልግም፣ እጁም ደኅና እንደሚመለስ ይጠበቃል። ድምሩ ከአምስት በታች ለሆነው ብቻ፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ፣ ማግኔቱ ይቀርባል። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ እጅ ከማግኔቱ ምት በኋላ ትንሽ ሞገድ እንኳ ካሳየ መንገዱ አልተቆረጠም፤ ያ ሰው በሦስት ወር ውስጥ እጁን ለአብዛኛው የዕለት ሥራ እንደሚጠቀምበት መጠበቅ ይቻላል። ሞገድ ካልታየ ተስፋው ይጠብባል፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ከመጀመሪያው ቀን ደኅናው እጅ ብቻውን መልበስና መመገብን እንዲለምድ ሊያግዝ ይችላል። ትንበያው ከአራት ሕሙማን ለሦስቱ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የመጀመሪያው እርምጃ አንድ የሠለጠነ መርማሪና ሁለት እጆቹን ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ማግኔት በሌለው የወረዳ ሆስፒታልም ነገ ሊጀመር ይችላል።